ለሥራ የወጣ ጎላ

ሐሊማ ሱቋን ዘግታ አታውቅም። ለዒድ እንኳ ሰግዳ፣ እንግዶቿን አስተናግዳ ስታበቃ ግማሹን መዝጊያ ከፈት አድርጋ ትቀመጣለች። "ሰው ስኳር ያልቅበታል አይደል እንዴ?" ትላለች። ስለዚህ በዚያ የግንቦት ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች በራችን ላይ ቆማ "ነይ ዘውዲ፣ ሙዚየም እንሂድ" ስትለኝ ሳቄ መጣ።

"ሙዚየም? አንቺ? ምን ልትሸጪላቸው ነው?"

"አትቀልጂ አቦ። ያባትሽ በርጩማ እዚያ ተቀምጦ አንድ ቀን እንኳ ሄደሽ አላየሽውም። ነውር ነው። ተነሽ።"

ስለ በርጩማው እውነቷን ነው። የሰፈራችን እድር ባለፈው ዓመት ከአዳራሹ አንዱን ክፍል ለቆ "የአካባቢ ታሪክና እደ ጥበብ ሙዚየም" የሚል ሰሌዳ ሰቅሎበታል። ከጉርድ ሾላ ዋና መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ዕቃው ሁሉ ከየቤታችን የተለቃቀመ ነው። ባሌ ኃይለኪሮስም ሳያማክረኝ አባቴ የሠራልኝን በርጩማ ተሸክሞ ሄዶ አበረከተ። "ሰው ይየው ብዬ ነው" አለኝ። "እኔስ ሰው አይደለሁም?" ብዬ አኮረፍኩ፤ ሙዚየሙንም አብሬ አኮረፍኩት።

አባቴ ኣምደሚካኤል የመቀሌ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ክረምቱን እኛ ዘንድ ሲከርም ሥራ መፍታት አልሆንልህ ቢለው፣ አጥራችን ሥር ከወደቀ የሾላ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ጠረበልኝ። "ወጥ ስትሠሪ ተቀመጪበት፣ ወገብሽን ታሳዝኚኛለሽ" አለኝ። በሕይወቴ ስለ ወገቤ ያሰበልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አሁን እሱ ታሟል። ከፋሲካ ወዲህ አልጋ ይዟል፤ እኔም የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዓይኑ ሳይከደን ደርሼ ጉልበቱን መሳም። ቤታችን ስልክ የለም። ከመቀሌ የሚደወለው ኦሎምፒያ ወዳለው የኃይለኪሮስ ቢሮ ስለሆነ ወሬውን የማገኘው ማታ ማታ ከእሱ አፍ ነው። "ዛሬ የአጃ ሾርባ ጠጡ።" "ዛሬ ትራስ ተደግፈው ተቀመጡ።" አውሮፕላኑን ስጠይቀው ወንበር እስከ ሰኞ የለም ይለኛል። ሻንጣዬን ከሸከፍኩ ሰነበትኩ። ለአባቴ የገዛሁት ሹራብ ከሁሉ በላይ ነው፣ ገና ስደርስ አውጥቼ እንዳለብሰው።

የሐሊማ ነገር ግን ሌላ ነው ብዬ ነበር። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር እየተጎነጎነ እንደሆነ ከገባኝ ቆይቷል። የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ኤርሳዶ ከኃይለኪሮስ ጋር በር ላይ ቆመው ያንሾካሹካሉ፤ እኔ ብቅ ስል ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራሉ። ትላንት የኃይለኪሮስ ታላቅ ወንድም ያለ ወትሮው መጥቶ ጉንጬን ሲስመኝ ቶሎ አልለቀቀኝም። ልጄ ረሆቦት ደግሞ የኮሌጅ የመጨረሻ ፈተናዋን ጨርሳ ከገባች ጀምሮ ዓይኗ ደም መስሏል፤ ዝም ብላ መጥታ ታቅፈኛለች። ሽማግሌ፣ ሹክሹክታ፣ የምታለቅስ ልጃገረድ። ይህን ደምራ መልሱን የማታገኝ እናት የት አለች? ቃልአብ የሚባል ጨዋ ልጅ መንገድ ላይ እንደሚሸኛት አይቻለሁ። ፈተናዋን እስክትጨርስ ጠብቀው ሽማግሌ ሊልኩ ነው ማለት ነው! ሐሊማም የተመደበችው እኔን ከቤት ልታርቅ ነው።

ጠዋት ያደረገችውም ይህንኑ አረጋገጠልኝ። በቅቤ የራሰ ጨጨብሳ በሳህን ይዛ መጥታ "ብዪ፣ ብዪልኝ" እያለች በእጇ ስታጎርሰኝ ነበር።

"እንዲህ ካደለብሽኝ እኮ የሰርግ ቀሚሴ አይገባኝም" አልኳት ጥቅሻ ጨምሬ።

እጇ አፌ ጋ ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ "ብዪ ዘውድዬ" አለች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብዬ በልቤ ሳቅሁ። አዲሱን ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳት።

መንገድ ላይ ወሬው ሁሉ የኔ ነበር። ሐሊማ ከወሎ መጥታ አጥር ላጥር ከኛ ጋር መኖር ከጀመረች ወዲህ ዝም ያለችበትን ቀን አላስታውስም፤ ያን ቀን ግን መንገድ የዘጋብንን የታክሲ ረዳት እንኳ አልተሳደበችም። ባለፈው እሁድ ልጇን ሳናን ድራ ነበርና ድካሙ ነው ብዬ አዘንኩላት። እንዴት ያለ ሰርግ ነበር! የክርስቲያኑን ድንኳን ወጥ ያሠራሁት እኔ ነኝ። ሥራው ሲያልቅ ሽርጤን ፈትቼ ከበሮው መሃል ገባሁ፤ ትከሻዬ እስኪዝል ጨፈርኩ። ሰዉ ሁሉ ክብ ሠርቶ ሲያጨበጭብልኝ አንዳንዶቹ ሴቶች እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ። ሰርግ ደስ ሲል ያስለቅሳል።

"የኔ ተራ ሲደርስ አንቺ ነሽ የምትጨፍሪው፤ ብድርሽን ትመልሻለሽ" አልኳት።

"ኢንሻአላህ" አለች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች።

የሙዚየሙን በር የከፈተልን አቶ ገረመው የሚባል፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ አዲስ ተቀጣሪ ነው። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ጎብኚ ናፍቆት ኖሮ ሲያየን ፊቱ በራ። "እንኳን ደህና መጣችሁ እናቶቼ! ከቀኝ እንጀምር" አለ፤ ከቀኝ ጀመርን። የአቶ ኦላናን ቀንበርና ሞፈር አሳየን፤ ቦሌ ቡልቡላ ገብስ ያርሱበት የነበረ ነው። የሸማኔ መወርወሪያ፣ ብርጭቆው የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ የወሎ ባና አየን። ሐሊማ ባናውን ስታይ "ይሄማ እኛ ቤት አልጋ ላይ አለ፤ እኔም ሙዚየም ነኝ በይኛ" ትላለች ብዬ ጠበቅኳት። እሷ ግን ሰዓቷን አየች።

በርጩማዬን ከመስኮቱ ሥር አገኘሁት። በገመድ ከልለው "መንካትም መቀመጥም ክልክል ነው" የሚል ካርቶን አቁመውበታል። የአባቴ የመጥረቢያ ጠባሳ ከጎኑ ላይ እንዳለ ነው። ሰኞ ስደርስ "በርጩማህን አስረውታል" ብዬ እንደማስቀው አሰብኩ፤ ሳቁን ሁሉ ሰማሁት። ኩርፊያዬም ያን ጊዜ ለቀቀኝ።

ደስ ብሎኝ ወደ መጨረሻው ጥግ ዞርኩ። "የእድራችን ታሪክ" ይላል። አሮጌ ድንኳን ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ለለቅሶ የሚነፋው ጥሩምባ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ወለሉ ላይ ግን ክብ የጥላሸት ቀለበት ብቻ አለ፤ ዕቃው የለም።

"እዚህ ምን ነበር?" አልኩ።

"ዘውዲ፣ ባናውን እንደገና እንየው እስቲ" አለች ሐሊማ ክንዴን ይዛ።

"ቆይ እስቲ፣ ልጠይቅ።"

አቶ ገረመው ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። "እሱ የጎላው ቦታ ነው፣ እናቴ። እድሩ ሲቋቋም የተገዛ የመጀመሪያው ትልቅ ድስት። ሰፈር ሙሉ ለቀስተኛ ያበላል። የኛ ሙዚየም እኮ እንደ ሌላው የሞተ ዕቃ ማከማቻ አይደለም! ሲቸግር ዕቃው ይወጣል፣ ሠርቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል። ዛሬ ለሥራ ወጥቷል።"

የኔ ቤት ድግስ ነው ብዬ ፈገግ አልኩ። "ለሽምግልና ነው? ለሰርግ?"

"ኧረ ለለቅሶ ነው። አዲሶቹ ድስቶች ሌላ ለቅሶ ቤት ስለሆኑ ይሄን ወሰዱት።"

"ሐሊማ፣ ለቅሶ አለ እንዴ ሰፈር ውስጥ? የማን ነው?" አልኩ።

ሐሊማ ክንዴን አልለቀቀችም። "ጌታው፣ ይበቃናል፣ እንሄዳለን" አለችው። እሱ ግን ወሬ ጀምሮ የሚያቋርጥ ሰው አይደለም።

"አቶ ኃይለኪሮስ የሚባሉ አባል አሉ፤ ያን በርጩማ ያበረከቱት እሳቸው ናቸው። የባለቤታቸው አባት መቀሌ ላይ አርፈው ነው። ሴትዮዋ ግን ምስኪን፣ እስካሁን አልተረዳችም። ነገ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ሄደው ሊያረዷት ነው። ድስቱንና ወንበሩን አሁን ጎረቤቷ ጊቢ እያስገቡ ነው፤ አንዲት ባለ ሱቅ ናት አሉ። ሴትዮዋ እንዳታይ አንድ ቦታ ወስደው ሊያቆዩአት…"

እዚህ ላይ እሱም ሰማው። እኔን አየ፣ ሐሊማን አየ፣ ክንዴን የያዘውን እጇን አየ።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሌላ ኃይለኪሮስ ይኖራል የሚል ሐሳብ ነው። ሰፈሩ ትልቅ ነው፣ ስሙ ለአንድ ሰው ብቻ አልተሰጠም። ከዚያ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተገለበጠብኝ። የአቶ ኤርሳዶ ሹክሹክታ፣ የወንድምየው አሳሳም፣ የረሆቦት ዓይን፣ ጠዋት ሐሊማ ያጎረሰችኝ ጨጨብሳ። መርዶ የሚነገረውን ሰው አስቀድሞ ማብላት ወግ መሆኑን አላውቅ ሆኜ ነው? እኔ ራሴ ስንቱን ሰው አብልቼ ለመርዶ አዘጋጅቻለሁ! ገመዱን ረግጬ አለፍኩና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። አቶ ገረመው እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

"መቼ?" አልኳት።

"ዘውዲ፣ እኔ ብቻዬን አይሆንም፣ ነገ ሽማግሌዎቹ…"

"መቼ ነው ያልኩሽ።"

"አርብ።"

"ትላንት?"

ራሷን ነቀነቀች። "ያለፈው አርብ።"

እንግዲህ ሾርባውን የጠጣው ማን ነው? ትራስ ተደግፎ የተቀመጠው ማን ነው? ባሌ ሳምንት ሙሉ እየመጣ የነገረኝ አባቴ ከሞተ በኋላ ነው! በአገራችን ሰው ሲሞት መጨረሻ የሚሰማው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ነው፤ ደግነት ይሉታል። እኔም እስከዚያ ቀን ደግነት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ እሁድ ትዝ አለኝ።

"እሁድ ስጨፍር ታውቂ ነበር?"

ሐሊማ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። "አውቅ ነበር።"

"ድንኳኑ ውስጥስ ሌላ ማን ያውቅ ነበር?"

"ሁሉም።"

እነዚያ ሴቶች የጠረጉት እንባ የደስታ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ያጨበጨቡት፣ ዓይናቸውን የሰበሩት፣ ውሃ ያቀበሉኝ ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ብቻ ትከሻዬን እየሰበቅኩ መሃላቸው እሽከረከራለሁ። ሐፍረት ነው መጀመሪያ ያቃጠለኝ፤ ኀዘኑ ገና ተራ አልደረሰውም ነበር።

"ማን ነው ይቆይ ያለው? ኃይለኪሮስ ነው?"

"እኔ ነኝ።" ልታስተባብል አልሞከረችም። "ቅዳሜ ጠዋት ሊያረዱሽ ተነስተው ነበር። ኤርሳዶ እግር ላይ የወደቅኩት እኔ ነኝ። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ዘመድ ከወሎ ገብቷል፣ በሬው ታርዷል። አጥር ላጥር ነን ዘውዲ። አንቺ እየጮህሽ እኔ ልጄን በምን እልልታ ላወጣት? ሁለት ቀን ስጡኝ አልኩ። ከዚያ ሰኞ መልሱ ሆነ፣ ማክሰኞ ረሆቦት ፈተና ጀመረች፣ ልጅቷ ትጨርስ አሉ። ወላሂ፣ ቀኑ በቀን ላይ እየተደረበ እዚህ ደረሰ።"

"ቅዳሜ ጠዋት ብትነግሩኝ ኖሮ?"

የሻሿን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

"ሐሊማ!"

"ትደርሺ ነበር። የከሰዓት አውሮፕላን ነበረ። እነሱ አንቺን ብለው ቀብሩን ቅዳሜ አላደረጉትም። እሁድ ነው የቀበሩት።"

በስንት ሰዓት ብዬ አልጠየቅኳትም። እሁድ ከቀትር በኋላ ከበሮው መሃል ነበርኩ። አባቴን ሬሳውን አስቀምጠው፣ ዘውዲ ትምጣ ብለው በር በሩን ሲያዩ፣ ኋላ ተስፋ ቆርጠው ሲያነሱት፣ እኔ ጎረቤት ድንኳን ውስጥ ላብ አጥምቆኝ "ድገሙት!" እል ነበር። ጩኸቱ ደረቴ ውስጥ ደረሰና እዚያው ቆመ። አልወጣም አለ። ዓይኔም ደረቅ ነበር።

"ለኔ ልጅ ቢሆን አታደርጊውም ነበር?" አለችኝ ሐሊማ ቀስ ብላ። "ለረሆቦት?"

አደርገው ነበር ይሆናል። ይህን ግን አልነገርኳትም።

ተነሳሁ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና አዘቀዘቅኩት፤ ጥለቱን ወደ አንገቴ መልሼ፣ ኀዘንተኛ እንደሚለብሰው ለበስኩ። ከዚያ አቶ ገረመውን "በርጩማውን እወስዳለሁ" አልኩት።

"ይውሰዱት እናቴ" አለ። ካርቶኑን ራሱ አነሳልኝ። "እኔ… እኔ አላወቅኳችሁም።"

"አንተ ምን አጠፋህ? እውነቱን የነገርከኝ አንተ ብቻ ነህ።"

በርጩማውን ላነሳ ስጎነበስ ሐሊማ ቀደመችኝ። "ተይው፣ እሱን አትንኪ" አልኳት። አልተወችውም። አቅፋው ከኋላዬ ተከተለችኝ። ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ያሉ ባለ ሱቆች ነጠላዬን ሲያዩ ጨዋታቸውን እያቋረጡ ቆሙ። ያላወቀ ሰው አልነበረም።

በሐሊማ ጊቢ በር ስናልፍ ሁለት ወንዶች ጎላውን በጆሮና በጆሮው ይዘው ሲያስገቡ ደረስን። እኔን ሲያዩ በድንጋጤ ለቀቁት። ድስቱ መሬት ሲመታ ያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሳልቆም አልፌ ቤቴ ገባሁ። ሐሊማ በርጩማውን እንዳቀፈች ደጃፉ ላይ ቀረች።

ኃይለኪሮስ ሳሎን ውስጥ ጭንቅላቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን አይቶ አያውቅም፤ ልብ ያልኩት ግን ያን ጊዜ ነው። የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ሳይዞር "መጣሽ? እንዴት ነበር ሙዚየሙ?" አለኝ።

"ደህና ነው" አልኩት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ። "ዛሬስ ተደወለ? አባቴ እንዴት ዋለ?"

እጁን ከጉልበቱ ጋር አፋተገ። "ደህና ውለዋል። ሾርባ… ትንሽ ሾርባ ቀምሰዋል አሉ።"

ይገርማል፤ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ አባቴ መቀሌ ውስጥ ሾርባ ቀመሰ። ሌላም እንዲነግረኝ ፈለግኩ።

"ስለኔ ምንም አላለም?"

"አሉ እንጂ። 'ዘውዲ መጣች ወይ?' ብለው ጠየቁ አሉ።"

"ምን ብለው መለሱለት?"

"'ሰኞ ትመጣለች' አሏቸው። 'እንግዲህ እጠብቃታለሁ' ብለዋል።"

ወደ በሩ ዞሬ ሐሊማን በዓይኔ ጠራኋት። ገባች፤ በርጩማውን እግሩ ሥር አስቀምጣ ወደ ኋላ አለች። ኃይለኪሮስ መጀመሪያ ሦስቱን እግሮች አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለና ነጠላዬን አየ። ከጓዳ ረሆቦት እየሮጠች መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ጠብቆኝ ነበር እኮ" አልኩት። "እስከ እሁድ ጠብቆኝ ነበር።"